6.8 ሰከንድ፦ የቤዝቦል ተጫዋቾች የብቃት ፍተሻ በሱሉልታ፣ የጉዳይ ጥናት

ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ዳር ባለ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 16 የሆነ 18 ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን ቤዝቦል ይለማመዳሉ። ጨዋታውን ከጀመሩ ዓመት የሞላው የለም። ጓንቱ ለሁሉም አይዳረስም፣ ኳሱ አምስት ነው፣ ታኬታ ያላቸው ሰባት ልጆች ናቸው። አሰልጣኙ በጥር ወር ፍተሻ ያዘጋጀው ሁለት ነገር ለመወሰን ነበር። አንደኛው ማን ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውር)፣ ማን ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን የሚይዝ)፣ ማን የውጭ ሜዳ ተጫዋች ይሁን የሚለው ሲሆን ሁለተኛው ክረምቱ ሳይገባ በቀሩት አራት ወራት እያንዳንዱ ልጅ ምን ላይ ይሥራ የሚለው ነው።

ፍተሻው አራት ነገር ነበረው፦ የ60 ያርድ ሩጫ፣ ኳስ አርቆ መወርወር፣ ሳይንደረደሩ ርዝመት መዝለል እና የ12 ደቂቃ ሩጫ። በየዘርፉ ደረጃ ወጣ፤ አራቱ ደረጃዎች ተደመሩ፤ ድምሩ ያነሰለት አንደኛ ተባለ።

60 ያርድ ማለት 54.86 ሜትር ነው። የአሜሪካ መልማዮች የተጫዋች ፍጥነት የሚለኩበት የቆየ ርቀት ሲሆን ከ6.7 እስከ 6.9 ሰከንድ መግባት ለፕሮፌሽናል ተጫዋች እንደ አማካይ ይታያል። በዚያ ቀን ቁጥር 7 የለበሰው ልጅ በ6.8 ገባ ተብሎ ተጻፈ። መዝገቡ ላይ ዕድሜው 14 ይላል። ሌሎች አራት ልጆችም ከ7 ሰከንድ በታች ገቡ። አንድ ልጅ ብቻ ቢሆን ተሰጥኦ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። አምስት ሲሆኑ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሜትሩ ነው።

ሜዳው እንደገና ሲለካ

ሜዳው የተለካው ግንበኞች በሚይዙት የ30 ሜትር የጨርቅ ሜትር ነበር። ጫፉ ስለተበጠሰ የመጀመሪያው 1 ሜትር የለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ካነበበው ላይ አንድ ይቀንሳል፤ በፍተሻው ዕለት የያዘው ልጅ ግን አያውቅም። 54.86 ለመድረስ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ተዘረጋ፤ ሁለቴም 1 ሜትር ጎደለ። ልጆቹ የሮጡት 52.86 ሜትር ነው። በሰከንድ 8 ሜትር ገደማ ለሚሮጥ ልጅ 2 ሜትር ሩብ ሰከንድ ነው።

ቀጥሎ ተዳፋቱ ታየ። በዓይን ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበት ቀጭን ቱቦ ውሃ ተሞልቶ በሦስት ዝርጋታ ከጫፍ ጫፍ ሲለካ ግን የመጨረሻው መስመር ከመነሻው በ1.1 ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ 2 በመቶ ቁልቁለት ማለት ነው። ሜዳው የክረምቱን ውሃ ወደ ወንዙ እንዲያፈስ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ይህ አይደንቅም። በዚህ ርቀት ላይ ግን ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ሊሰጥ ይችላል። ቱቦ ማግኘት ካልተቻለ ቀላሉ መፍትሔ እያንዳንዱን ልጅ አንድ ጊዜ ወዲያ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ ማስሮጥና ሁለቱን ለየብቻ መጻፍ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ሰዓቱ ላይ ነው። ፊሽካው የሚነፋው መነሻው ላይ ነው፤ ሰዓት ያዡ የቆመው መጨረሻው ላይ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ እሱ ዘንድ የሚደርሰው ከ0.16 ሰከንድ በኋላ ነው። ልጁና ሰዓት ያዡ እኩል ቀልጣፋ ቢሆኑ እንኳ ልጁ 0.16 ቀድሟል። ሲገባ ደግሞ ሰዓት ያዡ ልጁ ሲመጣ እያየው ስለሆነ ጣቱ አይዘገይም፤ እንዲያውም ይቸኩላል። ስለዚህ መነሻ ላይ የተሰረቀው ጊዜ መጨረሻ ላይ አይመለስም። በአትሌቲክስ ለአጭር ርቀት በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ሲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት ለዚሁ ነው።

ሦስቱ ሲደመሩ ግማሽ ሰከንድ ይሆናሉ። ቁጥር 7 በትክክለኛው ርቀት፣ ለጥ ባለው አቅጣጫ፣ በቪዲዮ ሲለካ 7.4 ገባ። የቀረው አንድ አሥረኛ የነፋስና የጣት ነው፤ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ለዚህ ዕድሜ ጀማሪ 7.4 ጥሩ ሰዓት ነው። ከሜጀር ሊግ፣ ከአሜሪካው ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ፣ ጋር ግን አይገናኝም።

አጭር ሜዳ ለሁሉም አጭር ነው፤ ቁልቁለቱም ለሁሉም ቁልቁለት ነው። እንዲህ ያለው ስህተት ቁጥሩን ያሳምራል እንጂ የልጆቹን ተራ አያዛባም። ተራን የሚያዛባው ከልጅ ልጅ የሚለያየው ስህተት ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ እሱም አልጠፋም።

ዓርብ ከሰዓት

ፍተሻው የተደረገው ዓርብ 8 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደወጡ ነው። ዓርብ ጾም ነው። ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ሲሆኑ ከዋዜማው እራት በኋላ ምንም አልቀመሱም። ሙስሊሞቹ ልጆች ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በሩጫ መጥተው ማሟሟቂያው ካለቀ በኋላ ደረሱ፤ ሰውነታቸው ሳይፍታታ በቀጥታ መስመር ላይ ቆሙ። የጠየቃቸው አልነበረም። የታወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አሰልጣኙ አንዱን ልጅ ዝላዩ ለምን እንደወረደ ሲጠይቀው ነው።

«በልተህ ነበር?»

«ዓርብ አይደል እንዴ ኮች?»

ጾም ፍተሻ አይከለክልም። ችግሩ በጥር ዓርብ ጾሞ የዘለለ ልጅ በግንቦት ቅዳሜ ቁርሱን በልቶ ሲዘልል የሚታየው ልዩነት የልምምዱ ይሁን የቁርሱ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ወጡ፣ ዐቢይ ጾም (ሁዳዴ) ተዘለለ፣ ሁለተኛው ፍተሻ ጾሙ ሳይገባ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ተያዘ። ሰዓቱ 4 ነው። በዚያ ወቅት ሱሉልታ ላይ ውርጭ ስለሚጥል ሣሩ እስከ 3 ሰዓት አይደርቅም፤ በእርጥብ ሣር ላይ አቅጣጫ የሚቀይር ልጅ የሚፈተነው እግሩ ሳይሆን ጫማው ነው።

የጫማው ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ሰባቱ ጥንድ ታኬታ በ18 ልጆች እግር ዞረ። 38 ቁጥር የሚያደርግ ልጅ 41 አድርጎ፣ ጫፉ ላይ ካልሲ ጠቅጥቆ ሮጠ። አንዳንዱ በመጀመሪያው ሙከራ በሸራ ጫማ፣ በሁለተኛው በተዋሰው ታኬታ ሮጦ የተሻለው ሰዓት ተያዘለት። በሁለተኛው ፍተሻ መዋዋስ ቀረ፤ እያንዳንዱ ባለው ጫማ ሮጠ፤ የጫማው ዓይነት ከስሙ ጎን ተጻፈ። ፍትሐዊ አይመስልም፤ ግን ዓላማው ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ከሆነ ይኸው ይበቃል።

የ12 ደቂቃው ሩጫ ምን ይሠራል?

ሱሉልታ ውስጥ ሰው የስፖርት ብቃት ሲባል የሚታየው ርቀት ሩጫ ነው። በየማለዳው መንገዱን ይዘው የሚሮጡትን እያየ ያደገ አሰልጣኝ 12 ደቂቃ ማስሮጡ አያስወቅሰውም። ፍተሻውም ከ1968 ጀምሮ በኬኔት ኩፐር ስም የሚታወቅ፣ የልብና የሳንባን አቅም በደንብ የሚናገር ነው። ቤዝቦል ግን ያንን አቅም እምብዛም አይጠይቅም። ሯጩ በየተራ ከሚረግጣቸው አራት ምልክቶች (ቤዝ) ከአንዱ እስከ ሌላው 27.43 ሜትር ነው፤ አራቱንም ዞሮ የሚመጣ ተጫዋች እንኳ 110 ሜትር አይሞላም። ከአንዱ ሩጫ እስከ ሌላው ብዙ ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል።

ቁጥር 4 በአካባቢው ካሉ ሯጮች ጋር ልምምድ የሚሠራ ልጅ ነው። 12 ደቂቃውን ሁሉንም ጥሎ አሸነፈ፤ በዝላይ መካከለኛ፣ በውርወራ ታች ነበር። ደረጃዎቹ ሲደመሩ አጠቃላይ ሁለተኛ ወጣ። በኋላ በ27.43 ሜትር ሲለካ ከ18ቱ 16ኛ ነው። ቁጥር 12 ደግሞ ከብት ጠባቂ ነው፤ 12 ደቂቃው ላይ መጨረሻ ገደማ ስለቀረ በድምሩ 14ኛ ሆነ። ከቡድኑ የመጀመሪያው ወርዋሪ መሆን የሚገባው ግን እሱ ነበር። ደረጃ መደመር እንዲህ ያደርጋል፤ ለጨዋታው የማይጠቅመውን ከሚጠቅመው ጋር እኩል ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል።

መልማዮች ራሳቸው አይደምሩም። ተጫዋችን በአምስት ነገር ለየብቻ ያዩታል፦ ኳስ መምታት፣ በኃይል መምታት፣ መሮጥ፣ ኳስ መያዝ፣ መወርወር። እያንዳንዱ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 50 አማካይ ነው። ካቸር 30 ሮጦ 60 ቢወረውር ማንም አያዝንበትም።

ርቀት ወይስ ፍጥነት

ኳስ አርቆ መወርወር በመጀመሪያው ቀን የተመረጠው ለመለካት ስለሚቀል ነው፦ ኳሱ የወደቀበትን አይቶ ሜትር መዘርጋት። ሁለት ነገር ያበላሸዋል።

የመጀመሪያው ከፍታው ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ኳስ የሚያስቆማት አየሩ ስለሆነ እዚህ ርቃ ትሄዳለች። አሜሪካ ውስጥ ኳስ ይበርበታል የሚባለው የዴንቨር ስታዲየም ያለው 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ2023 ሁለት የሜጀር ሊግ ቡድኖች ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ በ2,240 ሜትር፣ ሲጫወቱ በአንዱ ጨዋታ ብቻ 11 ሆም ራን (ከሜዳው ውጭ የሚያርፍ ምት) ተመትቶ ውጤቱ 16 ለ 11 ሆኗል። ሱሉልታ ከሁለቱም በላይ ነች። ስለዚህ ከሌላ አገር የርቀት ሠንጠረዥ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። በነገራችን ላይ ያው ስስ አየር የሚታጠፍ ኳስ እንዳይታጠፍም ያደርጋል፤ እዚህ ከርቭ የተማረ ልጅ ወደ ቆላ ቢወርድ ኳሱ ከለመደው በላይ ትታጠፍበታለች።

ሁለተኛው የውርወራው ቅርፅ ነው። ሩቅ የሚሄደው ኳስ ወደ ላይ የተወረወረው ነው። ጨዋታው የሚፈልገው ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ የሚደርሰውን ነው። ቁጥር 12 ከልጅነቱ የተለማመደው ከመንጋው የተለየችውን ጥጃ ፊት ለፊት ድንጋይ እያሳረፈ መመለስ ነው፤ ኳሱንም እንደዚያው ዝቅ አድርጎ ወረወረና በርቀት 7ኛ ሆነ።

በሁለተኛው ፍተሻ ርቀት ቀርቶ ፍጥነት ተለካ። የፍጥነት መለኪያ ራዳር የለም፤ ቢኖርም ከኳሱ መስመር 20 ዲግሪ ወደ ጎን ከተያዘ 6 በመቶ ያሳንሳል። የተሠራው እንዲህ ነው። ገለባ የተጠቀጠቀባቸው ሁለት ጆንያዎች ከቆርቆሮው አጥር ፊት ተሰቀሉ፤ ቆርቆሮው ራሱ ቢመታ ጎረቤት ይጮኻል፣ ኳሱም ይቦጨቃል። ከጆንያው 18.44 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከወርዋሪው ሰሌዳ መቺው እስከሚቆምበት ሆም ፕሌት ባለው ርቀት፣ መስመር ተሰመረ። ስልክ በጎን በኩል ቆሞ በስሎው ሞሽን፣ በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀረጸ። ኳሷ ከጣት የተለየችበት ፍሬምና ጆንያው የተነቃነቀበት ፍሬም መካከል ያለው ይቆጠራል። ልጁ ሲለቅ ከመስመሩ ወደፊት ስለሚገባ የተለቀቀችበት ቦታ ከቪዲዮው ይታያል፤ እዚህ 1.5 ሜትር ገደማ ነበር፣ ስለዚህ የበረረችው 16.94 ሜትር ነው።

ቁጥር 12 ምርጥ ውርወራው 154 ፍሬም ፈጀ። 154ን ለ240 ሲያካፍሉት 0.642 ሰከንድ፤ 16.94ን ለዚያ ሲያካፍሉት በሰከንድ 26.4 ሜትር፤ በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ነው። በርቀት አንደኛ የነበረው ልጅ 174 ፍሬም፣ በሰዓት 84 ኪሎ ሜትር። አንድ ፍሬም ተሳስቶ መቁጠር እዚህ ላይ 0.6 በመቶ ብቻ ስለሆነ የ11 ኪሎ ሜትር ልዩነት የቆጠራ ስህተት ሊሆን አይችልም።

በመጀመሪያው ሙከራ ላይ የተሠራ አንድ ስህተት መጠቀስ አለበት። ቆጣሪው ጆንያው ሲነቃነቅ ማየት ሰልችቶት ኳሱ ሲያርፍ የሚሰማውን «ዱብ» ይዞ ቆጠረ። ስልኩ ከጆንያው 10 ሜትር ይርቅ ነበር። ድምፁ ለመድረስ 0.029 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 7 ፍሬም ነው። ሁሉም ልጅ በ4 በመቶ ያህል ቀርፋፋ ሆኖ ወጣ። ምስል ካለ ድምፅ አይታመንም።

ኳሶቹም ተመዘኑ፤ ሰፈር ካለ ሱቅ በዲጂታል ሚዛን። ደንቡ ከ142 እስከ 149 ግራም ይላል። ከአምስቱ አንዷ ሌሊት ሜዳ ላይ አድራ ውሃ ስለጠጣች ከዚያ በላይ ከበደች፤ ከፍተሻው ወጣች።

የሩጫው አዲስ አሠራር

60 ያርዱ ለማመሳከሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ተሮጠ። ዋናው 27.43 ሜትር ሆነ፤ አንድ ቤዝ ነው፣ ሜዳው ላይ ደልዳላ ቦታ ይገኝለታል፣ በአንድ ስልክ ጫፍና ጫፉ ይታያል።

ስልኩ ከሩጫው መሐል ፊት ለፊት 30 ሜትር ርቆ በእንጨት ላይ ታሰረ። ከዚያ ቀረብ ከተባለ የስሎው ሞሽን ካሜራ ሁለቱን ጫፍ አያሳይም። የመጨረሻው ዘንግ የቆመው ከልጁ መስመር 1 ሜትር ወደ ስልኩ ገባ ብሎ ነው፤ ልጁ እንዳይመታው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዘንጉ በትክክል 27.43 ላይ ከቆመ ከስልኩ አንጻር ልጁ ዘንጉን ያለፈ የሚመስለው ከመስመሩ 47 ሳንቲ ሜትር ካለፈ በኋላ ነው፤ 0.06 ሰከንድ ተጨመረበት ማለት ነው። ስለዚህ ዘንጉ ወደ መሐል 46 ሳንቲ ሜትር ይገፋል። ሒሳብ የማይወድ ሰው በሲባጎ ይሥራው፦ ከስልኩ እስከ መሬቱ መስመር ሲባጎ ወጥሮ ሲባጎው የሚያልፍበት ላይ ዘንጉን መትከል።

ፊሽካ የለም። ልጁ ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ቤዝ ሊሮጥ፣ እንደተዘጋጀ ሯጭ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፤ ደስ ባለው ጊዜ ይነሳል፤ ሰዓቱ የሚጀምረው እግሩ ወይም ትከሻው መጀመሪያ ከተንቀሳቀሰበት ፍሬም፣ የሚያበቃው ደረቱ ዘንጉን ሲያልፍ ነው። ከዚህ በፊት ግን ስልኩ ራሱ ይፈተናል። አንዳንድ ስልክ 240 ብሎ ጽፎ ግማሹን ፍሬም ራሱ ፈጥሮ ይሞላል። የሌላ ስልክ ሰዓት እየቆጠረ ለ10 ሰከንድ መቅረጽና ፍሬሙ 2,400 መሙላቱን፣ የሰዓቱ አኃዝም በየጥቂት ፍሬሙ በእኩል ልዩነት መቀየሩን ማየት ነው።

18ቱ በተራ ሲሮጡ አንድ ዙር 6 ደቂቃ ስለሚፈጅ ዕረፍቱ በራሱ ይበቃል። ተራ የሚጠብቅ ልጅ ግን በሱሉልታ ብርድ ይቀዘቅዛል፤ ጃኬቱን ለብሶ እየተንቀሳቀሰ ይጠብቅ።

ቁጥር 7 በ4.18 አንደኛ ወጣ። ይህን ጊዜ ሁለተኛው የማወዳደር ፈተና መጣ፦ የሜጀር ሊግ የቀኝ መቺ ከሆም ፕሌት እስከ አንደኛ ቤዝ በአማካይ 4.3 ሰከንድ ይሮጣል፣ ርቀቱም ያው 27.43 ነው፣ ታዲያ ልጁ በለጠው? አልበለጠውም። የዚያ ሰው ሰዓት የሚጀምረው ባቱ ኳሷን ሲነካ ነው፤ ገና ባቱን አዙሮ ሳይጨርስ፣ ክብደቱ በሌላኛው እግሩ ላይ ሳለ። ግራ መቺው በ4.2 የሚደርሰው ፈጣን ስለሆነ ሳይሆን ቆሞ የሚመታው ወደ አንደኛ ቤዝ በሚቀርበው በኩል ስለሆነ ነው።

ዝላዩም በቪዲዮ ተሠራ። እጅ ወገብ ላይ አድርጎ ባሉበት ወደ ላይ መዝለል፤ አየር ላይ የቆየበትን ጊዜ በራሱ አባዝቶ በ9.81 ማባዛት፣ ለ8 ማካፈል። 0.50 ሰከንድ 30.7 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ልጆቹ ግን ጉልበት አጥፎ ማረፍ ጊዜ እንደሚጨምር በሁለተኛው ዝላይ ላይ ነቁበት፤ 0.55 ሲሆን 37.1 ይሆናል፣ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ በነጻ። ጉልበቱ ታጥፎ ያረፈ ዝላይ ይሰረዛል፤ ክርክር የለውም።

መምታትን የሚለካ ነገር አልተካተተም። ልጆቹ በገና ጨዋታ ሩር በዱላ ሲመቱ ያደጉ ስለሆኑ ዱላ በሁለት እጅ መያዝ አያስቸግራቸውም፤ በአየር ላይ የምትመጣ ኳስ መለየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ከሩጫና ከዝላይ መተንበይ አይቻልም። እሱ በልምምድ ሜዳ፣ በአሰልጣኙ ዓይን ይታያል።

የትውልድ ዓመትና ክርን

የምዝገባው ቅጽ «የትውልድ ዓመት» ብቻ ነበር የሚለው። አንዳንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈ። የሰባት ዓመት ክፍተት ወዲያው ስለሚታይ ብዙ አላሳሳተም። ያሳሳተው የአንድ ዓመቱ ነው፦ መዝጋቢው በሁሉም ላይ 8 ደመረ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ግን የሚደመረው 7 ነው። ቁጥር 7 የተወለደው በጥቅምት 2002 ነው፤ ኦክቶበር 2009 ማለት ነው፤ መዝገቡ 2010 አለው። የ14 ዓመት ተብሎ የተደነቀው ልጅ 15 ሞልቶታል፤ ቁመቱና የድምፁ ጎርናናነትም ቀድሞ ያደገ መሆኑን ያሳያሉ። አሁን የሚበልጣቸው ልጆች በሁለት ዓመት ውስጥ ሊደርሱበት ይችላሉ። አንደኛነቱ የወደፊት ተስፋ ማስረጃ ተደርጎ ባይያዝ ይሻላል።

ዕድሜው ሌላም ሥራ አለው። ሜጀር ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል ለወጣት ወርዋሪዎች ባወጡት መመሪያ 40 ኳስ የወረወረ የ14 ዓመት ልጅ 2 ቀን፣ የ15 ዓመት ልጅ 1 ቀን ያርፋል፤ ለሁለቱም የቀኑ ጣሪያ 95 ነው። በዚህ ዕድሜ የክርን አጥንት ጫፍ ገና ስላልጠነከረ ውስጠኛው ጎን በተደጋጋሚ ውርወራ ይጎዳል።

ቁጥር 12 በዓርቡ ፍተሻ ሳያሟሙቅ ከ20 ጊዜ በላይ በሙሉ ኃይሉ ወርውሮ ነበር፤ የተሻለ ርቀት ፍለጋ። ክርኑ ሁለት ቀን አሞት ለማንም አልተናገረም። በሁለተኛው ፍተሻ 15 ቀላል ውርወራ ለማሟሟቂያ፣ 5 በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ በቃ። ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ልጅ ክርን በውስጥ በኩል በጣት ተጫነ፤ የተሸማቀቀ አይወረውርም። «ያምሃል?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ ሁሉም «ኧረ ምንም» ነው መልሱ።

ለግንቦት የተያዘው

ቁጥር 12 ወርዋሪ ሆነ፤ የአራት ወሩ ሥራው ፍጥነት መጨመር አይደለም፣ እግሩን አስተካክሎ ኳሷን ወደሚፈልገው ቦታ ማድረስ ነው። ቁጥር 7 መሐል የውጭ ሜዳ ገባ። ቁጥር 4 ቤዝቦሉን እንዲተው የነገረው የለም፤ ግን ርቀት ሩጫው የበለጠ እንደሚያዋጣው ለወላጆቹ በግልጽ ተነግሯል።

በግንቦት ሲደገም ምን ያህል ለውጥ እንደ ለውጥ ይቆጠር? ለዚህ የእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ምርጥ ሩጫዎች ልዩነት ተሰላ፤ የልዩነቶቹ መደበኛ ዝንፈት (ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየው ቁጥር) 0.08 ሰከንድ ሆነ፤ የሁለት ሩጫ ልዩነት ስለሆነ ለ1.41 ሲካፈል የአንዱ ሩጫ 0.06 ገደማ ነው። ያው ልጅ፣ ያው ቀን፣ ያለ ምንም ልምምድ ይህን ያህል ይዋዥቃል። ስለዚህ በግንቦት 0.05 ያሻሻለ ልጅ አልተሻሻለም፣ 0.05 የወረደም አልወረደም። ሁለት እጥፉ፣ 0.12፣ ሲያልፍ ብቻ ነው ልምምዱ ሠራ የሚባለው።

ምልክቶቹም አልበረከቱም። በኖራ የተሰመረው በሳምንት ጠፋ፤ የእንጨት ችካሎቹን ሜዳው ላይ የሚግጡ ከብቶች ነቀሏቸው። አሁን በመነሻውና በመጨረሻው፣ በስልኩና በዘንጉ ቦታ አራት የፌሮ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ ከሣሩ ሥር እስኪሆን ተመቶ ተቀብሯል። ኳስ የሚጫወት እግር አያገኘውም። ከላይኛው ጎል ሁለት ቋሚዎች ያላቸው ርቀት በደብተሩ የጀርባ ሽፋን ላይ ተጽፏል፤ የተለካውም ጫፉ ባልተበጠሰ አዲስ ሜትር ነው።